የሁለት እስያዎች ታሪክና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስያ ያለፈችበት የፖለቲካና የኢኮኖሚ ለውጥ በኢትዮጵያ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ጃፓን፣ ደቡብ ኮርያና ታይዋን ሲሆኑ፣ ከእነዚህ አገሮች ተቀድቷል የተባለው የልማታዊ መንግሥት አስተሳሰብም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለረጅም ጊዜ መርቷል። ሆኖም የእስያ ለውጥ አንድ ታሪክ ብቻ አልነበረውም፤ መሬት ለአራሹ ተከፋፍሎ ፋብሪካ የተተከለበት የመሐል አገር እስያ እንዳለ ሁሉ፣ ግድብ የተገነባበት፣ ሰፋሪ የተላከበትና ነባሩ ሕዝብ ጫካ የገባበት የዳር አገር እስያም አለ። የመጀመሪያው ታሪክ ለአዲስ አበባ አርኣያ ሊሆን ቢችልም፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከተሞች ለአሶሳ፣ ለግልገል በለስና ለካማሺ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ ይህ ልዩነት በወጉ ሳይመረመር መቅረቱም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት ለምን እንዲያ እንዳሳለፈ ለመረዳት እንቅፋት ሆኗል።

ልማታዊ መንግሥት የሚለው አስተሳሰብ ስሙን ያገኘው አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ቻልመርስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ጃፓን የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ባሳተመው ጥናት ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም ገበያውን ሳያጠፋ ነገር ግን በብድር፣ በታክስና በፈቃድ አማካይነት ባለሀብቱን ወደሚፈልገው ዘርፍ የሚመራ፣ ዕድገትን የሥልጣኑ ምክንያት ያደረገ መንግሥት ማለት ነው። አስተሳሰቡን የተቀበሉ ብዙዎች ሚኒስቴሩንና ባለ አምስት ዓመቱን ዕቅድ እንጂ ከእነርሱ በፊት የሆነውን አላስተዋሉም። በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በወረራው አስተዳደር ግፊት በሌለበት የሚያከራይ ባለርስት መሬት ሙሉ በሙሉ በመንግሥት ተገዝቶ ለጭሰኛው ሲሸጥ፣ በመንደሩ የሚኖረው ባለርስት ደግሞ ከሆካይዶ በስተቀር ሊያከራይ የሚችለው አንድ ሔክታር ያህል ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ቀድሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋው እርሻ በጭሰኛ ይታረስ የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1949 የመሬት ኪራይን ከዋናው ምርት 37.5 በመቶ እንዳይበልጥ ገድባ በ1953 መሬቱን ራሱን ለአራሹ አሸጋገረች፤ ደቡብ ኮርያም የመሬት ይዞታን በሦስት ሔክታር ገደማ ወሰነች፤ ለባለርስቶቹ በካሳ የሰጠችው ቦንድም በኮርያው ጦርነት የዋጋ ንረት ሟሟ።

ይህ ሁሉ የተደረገው ከርኅራኄ አልነበረም። ታይዋንን የያዘው የኩዎሚንታንግ መንግሥት ከዋናው ምድር ተሸንፎ የመጣ በመሆኑ ከደሴቲቱ ባለርስቶች ጋር የሥጋም የጥቅምም ትስስር አልነበረውም፤ ሰሜን ኮርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 መሬት አከፋፍላ ስለነበር፣ ደቡቡ ያንኑ ካላደረገ ገበሬው ፊቱን ወደዚያ እንደሚያዞር ግልጽ ነበር። ከ6,000 በላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች በቃኘው ሻለቃ ስም በየተራ ሄደው የተዋጉባት፣ ከ120 የማያንሱትም ሕይወታቸውን የሰጡባት ኮርያ በዚያ ዘመን ፍርስራሽ የነበረች ብትሆንም፣ ፓርክ ቹንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥልጣን ሲይዙ ያገኙት ገጠር ግን ባለርስት የሌለበት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያርሰውን ማሳ የራሱ ያደረገበት፣ ልጁንም ትምህርት ቤት ለመላክ አቅም ማግኘት የጀመረበት ገጠር ነበር። የፖሃንግ ብረት ፋብሪካም ሆነ የኮርያ ታላላቅ ኩባንያዎች የተነሡት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ኢትዮጵያም ይህን የሚመስል እርምጃ ወስዳለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የምሥራቅ እስያን ተሞክሮ ሲያነሡ የኢትዮጵያ ገበሬ መሬት ያለው መሆኑን እንደ መነሻ መያዛቸው ከዚህ አንጻር ተገቢ ነበር፤ ግብርና መር የኢንዱስትሪ ልማት የተባለው ስትራቴጂም የቆመው በዚሁ ግምት ላይ ነው። ግምቱ ግን የደጋውን ገበሬ አይቶ የተወሰደ ነው። በምዕራቡ ቆላ አዋጁ ነፃ የሚያወጣው የደጋውን ዓይነት ጭሰኛ ብዙም አላገኘም፤ ያገኘው በጎሣና በመንደር የሚታወቅ የጋራ ይዞታ ነበር፤ በመሆኑም የአርሲን ጭሰኛ የመሬት ባለይዞታ ያደረገው ያው ሕግ የበርታንና የጉሙዝን የጎሣ መሬት የመንግሥት አደረገው። የጉሙዝ ገበሬ እንደ ልማዱ አንዱን ማሳ ለጥቂት ዓመታት አርሶ መሬቱ ሲደክም ለጫካው ትቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ይመነጥረዋል። ይህ ተዘዋዋሪ እርሻ ባለቤቱን ለሚያውቅ ጎረቤት ግልጽ ሲሆን፣ በመዝገብ ለሚያስተዳድር ቢሮ ግን ያረፈው ማሳ ሁሉ ባዶ መሬት ሆኖ ይታየዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙው ነገር ከዚህ ዕይታ የተወለደ ነው።

ዕይታው ራሱ ከደርግ ይቀድማል። በርታ የሚኖርበት አገር በ19ኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ የአሶሳ፣ የቤላ ሻንጉልና የኮሞሻ ሼሆች የሚገዙት የወርቅና የባሪያ ንግድ መተላለፊያ ሲሆን፣ ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ባካሄዱት ዘመቻ ወደ ምኒልክ ግዛት ተጠቃሎ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በወርቅ ግብር የአካባቢው ዋና ሰው ሆነው ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ዘለቁ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል ቤኒሻንጉልን በኢትዮጵያ ወገን አስቀርቶ ኩርሙክን በወሰን መስመር ላይ ሲያስቀምጣት፣ በዚያው ሰነድ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ የሚያዝ አንቀጽ ገብቶበታል፤ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ በጉባ በተሠራው ግድብ የተነሣው ውዝግብ ሥሩ እዚያ ድረስ ይወርዳል። ማእከላዊው መንግሥት ከዚህ ዳርቻ የሚፈልገው በየዘመኑ ስሙ ቢለዋወጥም፣ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ መሬት፣ ከዚያም ውኃ ነበር።

መተከል የጎጃም፣ አሶሳ ደግሞ የወለጋ ክፍለ ሀገር አካል በነበሩበት ዘመን ደርግ ከወሎና ከሌሎች በድርቅ ከተመቱ አካባቢዎች ሰዎችን ወደ አሶሳ አስፍሯል፤ ከ1977ቱ ረኀብ በኋላም ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ 80,000 ያህል ሰው ወደ ጣና በለስ ተወስዶ በፓዌ ዙሪያ መንደር ተመሠረተለት። ገንዘቡን የሰጠው የጣልያን መንግሥት፣ ሥራውን ከያዙት ዋነኛው ደግሞ ሳሊኒ የተባለው የጣልያን ተቋራጭ ነበር፤ ይኸው ኩባንያ ኋላ የበለስን የኃይል ማመንጫ፣ ቀጥሎም ታላቁን የሕዳሴ ግድብ መሥራቱ የዚህ አካባቢ ዕጣ ለረጅም ጊዜ በምን ዓይነት ሥራ እንደተወሰነ ያመለክታል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የፓዌ ትራክተርና ፋብሪካ ተዘርፎ ፕሮጀክቱ ፈረሰ፤ ሰፋሪው ግን ቀረ፤ ልጆቹም እዚያው ተወለዱ። በተመሳሳይ ዘመን የኢንዶኔዥያ መንግሥት በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ ከጃቫና ከማዱራ ሚሊዮኖችን ወደ ቦርኒዮ፣ ሱማትራና ፓፑዋ ሲያሰፍር የሰጠው ምክንያት ከደርግ የተለየ አልነበረም፤ በአንዱ ዘንድ ሕዝብ በዝቷል፣ በሌላው ዘንድ መሬት ተርፏል የሚል ነው። በቦርኒዮ የነባሮቹ ዳያኮችና የማዱራ ተወላጆች ግጭት እ.ኤ.አ. በ2001 በሳምፒት ከተማና በዙሪያዋ የመቶዎችን ሕይወት የቀጠፈው ከፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ውድቀት በኋላ፣ ማእከሉ ሲላላ ነው።

ከ1983 በኋላ በኢትዮጵያ የመጣው ለውጥ ግን በሱሃርቶ ዘመን ኢንዶኔዥያ ያልታየ ነበር፤ ነባሩ ሕዝብ የራሱ ክልል ተሰጠው። በሽግግሩ ዘመን ክልል ስድስት፣ ኋላም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተባለው አስተዳደር አሶሳን ዋና ከተማው አድርጎ ተቋቋመ፤ የክልሉ ሕገ መንግሥትም በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ሰየመ። ይህ አወቃቀር ለዘመናት በሌላ ሰው ሲተዳደር ለኖረ ሕዝብ የሰጠው ክብር በቀላሉ መታየት የለበትም፤ ነገር ግን በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ784,000 ያህሉ ነዋሪ በርታ ሩብ፣ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው አንድ አምስተኛ የሚሆኑ ሲሆን፣ ኦሮሞና አገውም ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም፤ ስለዚህ ባለቤት የሚለው ስያሜ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን የክልሉን ሕዝብ በነዋሪነት ብቻ አስቀረው። በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አይችሉም የተባሉ ዕጩዎች ከውድድር ሲወጡ ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ ምክር ቤቱ በመጋቢት 1995 የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ እንደሚበቃ መወሰኑ ይታወሳል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ውሳኔው የመመረጥን በር ከፈተ። የባለቤትነቱ ጥያቄ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

በዚህ ረገድ ማሌዥያን መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ ለማላዮች ልዩ ሥፍራ ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1969ኙ የኩዋላ ላምፑር ደም መፋሰስ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው አዲሱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ የማላዮችንና የሌሎች ነባር ሕዝቦችን የሀብት ድርሻ በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ 30 በመቶ ለማድረስ ዐቀደ። ፖሊሲው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ሁለት ነገሮች ወደ ከፋ ጥፋት እንዳያመራ አግዘውታል፤ አንደኛው የቻይናና የሕንድ ዝርያ ያላቸው ዜጎች ፓርቲዎች በገዢው ጥምረት ውስጥ መቆየታቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ለነባሩ የሚሰጠው ድርሻ ከሌላው ተነጥቆ ሳይሆን በአብዛኛው ከሚያድገው ኢኮኖሚ ላይ መገኘቱ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሁለቱም አልነበሩም። የክልሉ ገዢ ፓርቲ ከኢሕአዴግ አጋር ድርጅቶች አንዱ ሆኖ እስከ 2012 የብልጽግና ፓርቲ ምሥረታ ድረስ ከዋናው ውሳኔ ውጭ ቆይቷል፤ ሰፋሪው ደግሞ በክልሉ ፓርቲ ውስጥ ተገቢ ቦታ አልነበረውም፤ ከሁሉ በላይ የሚከፋፈለው አዲስ ሀብት ሳይሆን ያው መሬት ነበር።

መሬቱ ላይ ሦስተኛ ተጋሪ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከ2001 ጀምሮ ክልሎች ከ5,000 ሔክታር በላይ የሆነ የእርሻ ኢንቨስትመንት መሬትን ማስተዳደር ለፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ሲያስተላልፉ፣ ሻፖርጂ ፓሎንጂ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነዳጅ የሚወጣበት የፖንጋሚያ ዛፍ ለመትከል 50,000 ሔክታር በሊዝ ተፈቀደለት። በብዙዎቹ የሕንድ ክፍላተ ግዛት የእርሻ መሬት ይዞታ ጣሪያ በሕግ የተወሰነ በመሆኑ አንድ የሕንድ ባለሀብት በገዛ አገሩ ይህን የሚያህል የእርሻ ማሳ ሊይዝ የሚችልበት ዕድል ጠባብ እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። የምሥራቅ እስያው ሞዴል እዚህ ላይ ተገለበጠ ማለት ይቻላል፤ ፓርክ ቹንግ ሂ ለኩባንያዎች የሰጡት ብድር ሲሆን፣ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ያላሳየ ኩባንያ ድጋፉን ያጣ ነበር፤ በቆላው ኢትዮጵያ ግን በቅድሚያ የተሰጠው መሬት ነው፤ ምርቱ ዘገየ፤ በጋምቤላ እጅግ ሰፊውን መሬት የወሰደው የካሩቱሪ ኩባንያ ውል በ2008 መሰረዙም የዚህ ውጤት ነው። በዚያው ጊዜ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ተበታትኖ የሚኖረውን ሕዝብ በመንደር የማሰባሰብ መርሐ ግብር ይካሄድ ነበር፤ መንግሥት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለማድረስ ነው ሲል፣ የመብት ተሟጋቾች መሬቱን ለማስለቀቅ ነው አሉ። የሊዙና የመንደር ማሰባሰቡ መርሐ ግብሮች በአንድ ወቅት መገጣጠም፣ ዓላማው ምንም ይሁን ምን፣ የተዘዋዋሪ እርሻውን ባለቤት ከማሳው ጋር አለያየው።

ከእስያ ታሪክ ለዚህ ሁኔታ ቅርብ የሆነው በደቡብ ምሥራቅ ባንግላዴሽ የሚገኙት የቺታጎንግ ኮረብታዎች ናቸው። ቻክማ፣ ማርማና ሌሎች ሕዝቦች የሚኖሩባቸው እነዚህ ኮረብታዎች በእንግሊዝ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የውጭ ሰው በቀላሉ እንዳይሰፍርባቸው በልዩ ደንብ ይተዳደሩ ነበር፤ ሕዝቡም ጁም በሚሉት ተዘዋዋሪ እርሻ ይተዳደር ነበር። በፓኪስታን ዘመን በካርናፉሊ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1962 የተጠናቀቀው የካፕታይ ግድብ ከኮረብታዎቹ ምርጥ የእርሻ መሬት አርባ በመቶውን በውኃ ዋጠ፤ መቶ ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛው ቻክማ፣ ከቀዬው ተነሣ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትም ወደ ሕንድ ተሻገሩ። ኤሌክትሪኩ ለቆላው ከተሞችና ፋብሪካዎች ሲደርስ ተነሺው ተገቢ ካሳ አላገኘም፤ በጋራ የያዘውና እያሳረፈ የሚያርሰው መሬት በመዝገብ የእርሱ አልነበረምና። ባንግላዴሽ ነፃ በወጣች ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ኮረብተኞቹ የፖለቲካ ድርጅት፣ ቀጥሎም የታጠቀ ክንፍ መሠረቱ፤ መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤንጋሊ ሰፋሪዎችን ወደ ኮረብታዎቹ ላከ። ሰፋሪዎቹም በቆላው መሬት ያጡ ድሆች ነበሩ፤ ከኮረብተኛው ጋር ሲጋጩ ድኻ ከድኻ ጋር ነው የተጋጨው። ጦርነቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 በተፈረመ ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቱ ከፈጠራቸው ተቋማት እጅግ የዘገየው የመሬት ክርክር የሚፈታው ኮሚሽን ነው፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2001 ቢወጣም ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንድም ጉልህ ክርክር ሳይፈታ ቀርቷል።

መተከልና ካማሺ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚመሳሰሉት በግድቡ ብቻ አይደለም። መስከረም 16 ቀን 2011 የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ነዋሪዎች ተገደሉ፤ መተከልም በኮማንድ ፖስት ሥር ቆየች። ሟቾቹ በየጊዜው ከየወገኑ ቢሆኑም በግጭቱ ሥር የተገኘው አንድ ነው፤ ሰፋሪው በመሬቱ ላይ ዋስትና የለውም፣ ነባሩ ደግሞ መሬቱ እየጠበበበት ነው፤ ሁለቱም የሚፈሩት እርስ በርስ ነው እንጂ መሬቱን የሚያከራየውን ወይም የሚሸነሽነውን አካል አይደለም። በ2015 መጀመሪያ ከጉሙዝ ታጣቂዎች ጋር የተደረገው የሰላም ስምምነት ተኩሱን አብርዷል፤ ተፈናቃዮችም መመለስ ጀምረዋል። ትጥቅ የፈታው ታጋይ የሚያርሰው ማሳ የማን እንደሚሆን ግን ስምምነት ብቻውን አይወስነውም።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በብዙ ነገር ከካፕታይ ይለያል፤ የተገነባውም ለካርናፉሊ ከተደረገው በተቃራኒ በውጭ ዕርዳታ ሳይሆን በሕዝቡ ቦንድና መዋጮ፣ በመንግሥትም ገንዘብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያውን ኃይል አመንጭቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ንጋት የተባለው ሐይቅም ክልሉን ጭርሱን ሌላ መልክ ሰጥቶታል። ሐይቁ ያጠለቀው በአብዛኛው የጉሙዝና የበርታ መሬት ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ የአሣ ማስገሩ፣ የዳርቻው እርሻና የመዝናኛው ሥፍራ ለማን እንደሚሰጥ ነው። ታይዋን በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ አሳይታለች፤ መሬት ካከፋፈለች በኋላ በገጠር የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእርሻ ኮሚሽን አማካይነት መስኖውን፣ ብድሩንና ገበያውን ለትናንሽ ባለይዞታዎች አደረሰች፤ ትናንሽ ፋብሪካዎቿም ከከተማ ይልቅ በየገጠሩ በቀሉ። ክልሉ በሰፊው የሚያበቅለው የቆላ ቀርከሃ እንኳ በአብዛኛው ጥሬውን ከመጫን ያለፈ ጥቅም ሳይሰጥ መቆየቱ ሲታይ የታይዋን ገጠር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ወርቁ ግን ከቀርከሃው የተለየ ጥያቄ አስነሥቷል። በ2017 የበጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የኢትዮጵያ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ሸቀጥ ሆነ፤ ለዚህም የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በድብቅ ይወጣ የነበረውን ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ በመሳቡ ረድቷል። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ የበርታ ሴቶችና ወንዶች ከአፈር እያጠቡ የሚያወጡት ወርቅ የቤተሰብ ገቢ ሲሆን፣ በኩርሙክ የካናዳው አላይድ ጎልድ መገንባት የጀመረው የማዕድን ማውጫ ደግሞ የኩባንያ ሥራ ነው። ሁለቱ በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን መኖር የሚችሉት በባህላዊ መንገድ የሚያወጣው ሰው የተከለለለት ቦታ በሕግ ሲጸናለት ብቻ ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ኩርሙክን የስደተኞች መግቢያ አድርጓታል፤ ከሼሆቹ ዘመን የተወረሰው የድንበር ንግድም ተዛብቷል፤ ለክልሉ አስተዳደር ድንበሩም መሬቱም በአንድ ጊዜ የሚያሳስቡት ጊዜ ነው።

የመሬት ማረጋገጫ ደብተር በደጋው ክልሎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮኖች ቢታደልም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዘገየ ሲሆን፣ በ1997 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ የጋራ ይዞታን መንግሥት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ግል ሊለውጠው እንደሚችል ደንግጎ ነበር፤ በ2016 በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ደብተሩ ወደ መተከል ሲደርስ የሚለካው የታረሰው ማሳ ብቻ ከሆነ ያረፈው ማሳ ለመጪው ባለሀብት ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ያረፈው ማሳም በጎሣው ስም ከተመዘገበ ደግሞ ለዐርባ ዓመት በፓዌ የኖረው የወሎ ተወላጅ ልጅ የሚያርሰው መሬት በማን ስም እንደሚመዘገብ አብሮ መወሰን አለበት። የባንግላዴሽ ኮሚሽን የተሰነካከለው በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር፤ ሰፋሪው በመንግሥት የተሰጠውን ወረቀት፣ ኮረብተኛው የአያቶቹን ማሳ ይዞ ሲመጣ፣ ክርክሩ ሳይፈታ ቀረ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የመሬት ቢሮ ይህን ውሳኔ በአንድ ሰነድ ላይ አስፍሮ ለክልሉ ምክር ቤት ከማቅረቡ በፊት ሌላ ትልቅ የሊዝ ውል ከተፈረመ፣ የሚለካው መሬት ከእንግዲህ ከሐይቁና ከሊዙ የተረፈው ብቻ ይሆናል።